ጨርቁ ላይ ያልነበረው ቀይ

በልጅነቴ ከዓለም ነገር ሁሉ አብልጬ የምጸየፈው የእናቴን ጣቶች ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይደነግጣል። ይደንግጥ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

እናቴ ሥራዋ የሰው ገላ ላይ መሳል ነበር። ሸራ ላይ አይደለም፣ ግድግዳ ላይም አይደለም፤ ሰው ላይ። ቀለሙን በስፖንጅ ታለብሳለች፣ በብሩሽ ትስላለች፣ ብሩሽ አልታዘዝ ባላት ቦታ ደግሞ በጣቷ ትገባበታለች። በዚህ የተነሳ ጥፍሯ ሥር ሁልጊዜ አንዳች ነገር አለ። ሰኞ አረንጓዴ ነው፣ ረቡዕ ቢጫ ይደረብበታል፣ ቅዳሜ ሲደርስ ስም የሌለው ጭቃ ይሆናል። በዚያ እጅ ዳቦ ትቆርስልኛለች፣ በዚያ እጅ ፀጉሬን ታበጥርልኛለች። እጇ ወደ እኔ ሲመጣ አንገቴ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር።

«እሜቴ ዛሬም ተጸየፈችኝ» ትላለች ለአክስቴ፣ እየሳቀች። እሜቴ ያወጣችልኝ ስም ነው፤ እንደ ትልቅ ወይዘሮ አፍንጫዬን ስለምነፋ።

«ተያት፣ ልጅ አይደለች?» ትላለች አክስቴ።

እኔ ልጅ ብሆንም አፍንጫዬ ልጅ አልነበረም። ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ መታጠቢያ ነው፤ ሽታ የሚደበቅበት ጥግ የለውም። ቅባት ቀለሙ የሰነበተ ዘይትና የሻማ ጭላጭ ይሸታል። ስፖንጆቹ መስኮቱ ላይ ተሰጥተው ይውላሉ እንጂ አይደርቁም፤ ሲጫኗቸው ከውስጣቸው ዝልግልግ ያለ ነገር ይወጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሳፋው ነበር። አክስቴ ከሥራ ስትመለስ እናቴ ሳፋው ውስጥ አቁማ ታጥባታለች። ያ ሁሉ አበባ፣ ያ ሁሉ ቅጠልና ወፍ ከገላዋ ወርዶ ሲቀላቀል ግራጫ አተላ ይሆናል። ላዩ ላይ የቅባት ዓይን ይንሳፈፋል፣ ዳር ዳሩን የቆዳ ፍቅፋቂ የሚመስል ነገር ይይዛል። ያን ውሃ ሳይ የበላሁት ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣ ነበር።

አሁን የልብስ ንጽሕና ቤት አለኝ። ላብ፣ ደም፣ ትውከት፣ ቀኑን ሙሉ የማገላብጠው የሰው እድፍ ነው፤ አንድም ቀን ቀፎኝ አያውቅም። እድፍ ሐቀኛ ነገር ነው፣ ሰው የት እንደዋለ ይናገራል። ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ገና ወጣት ነበረች፣ የምትኖረውም ከእኛ ጋር ነው። እናቴ ትስላለች፣ አክስቴ ሥዕሉን ለብሳ ትቆማለች። የሚሠሩት ለአንድ ትልቅ የመጋረጃ ሱቅ ነበር። አዲስ ጨርቅ በመጣ ቁጥር እናቴ የጨርቁን ሥዕል ቁልጭ አድርጋ አክስቴ ላይ ትገለብጠዋለች። ፊቷ፣ አንገቷ፣ ክንዷ፣ ጎኗ ሁሉ ይሳላል፤ ደረቷንና ከወገቧ በታች ያለውን ከዚያው ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ይሸፍነዋል። ከዚያ የተንጠለጠለው ጨርቅ ፊት ትቆማለች። ዓይኗን ስትጨፍን አለቀ፤ ሴት የለችም፣ ጨርቅ ብቻ ነው። ደንበኞች ይገቡና «የታለች? የታለች?» ይባባላሉ። ድንገት ዓይኗን ስትገልጥ ሱቁ በጩኸትና በሳቅ ይናጋል። በዚያ ሳቅ መሐል መጋረጃ ይሸጣል።

የዚህ ሥራ ትልቁ ሕግ አለመንቀሳቀስ ነው። ከተንቀሳቀሰች ትታያለች፤ ከታየች ሥራው ገደል ገባ። ዝንብ ቢያርፍባት፣ ቢያሳክካት፣ ምንም ቢመጣባት እንደ ግድግዳ ዝም ነው።

ቀለሙም የራሱ ሕግ አለው። የውሃ ቀለም በራሱ ይደርቃል። ቅባቱ ግን ዱቄት ካልተረጨበት እርጥብ እንደሆነ ይውላል። እናቴ በትልቅ ለስላሳ ብሩሽ ዱቄቱን ስታለብሰው «ዱቄት ያልጠጣ ቅባት የነካውን ሰው ተከትሎ ይሄዳል» ትል ነበር። እኔ ይህን ስሰማ ቀለሙ እግር አውጥቶ በመንገድ ሲከተለኝ ይታየኝና ይዘገንነኛል።

የሱቁ ባለቤት ግን ንጹሕ ሰው ነበር። ውድ ጨርቅ በባዶ እጁ አይነካም፤ ጠዋትም ከሰዓትም ነጭ ጓንት እንዳጠለቀ ነው። ሻጮቹ በሌለበት «ጓንቱ» ይሉታል። ከሻጮቹ አንዷ፣ አንገቷ ላይ መለኪያ ሜትር ስለማይጠፋ እኛ «ሜትሯ» የምንላት፣ ይህን ስም ስትጠራ ከንፈሯ ይጣመማል፤ እኔ በቅናት ይመስለኝ ነበር። ጓንቱ ሲያልፍ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ባገኘኝ ቁጥር ከኪሱ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ የናና ከረሜላ አውጥቶ «እንቺ፣ የኛ ቆንጆ» ይለኛል። አባቴን አላውቀውም። አባት የሚባል ነገር ካለ እንደዚህ ነጭ ነው የሚሆነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን ትዝ ሲለኝ ምራቄን እተፋለሁ። ላዩን ሲያዩት ሳሙና፣ ውስጡን ለቄስ።

የሱቁ በር ለደንበኛ ከመከፈቱ በፊት ጓንቱ ሁልጊዜ የሚለው ነገር አለው።

«ሁላችሁም ውጡልኝ፣ እጥፋቱን ላስተካክል።»

እኛ ወደ መቁረጫው ክፍል እንወጣለን። አክስቴ በቆመችበት ትቀራለች፤ እሱ በእሷና በጨርቁ መሐል ይገባና የጨርቁን እጥፋት ያስተካክላል። አንድ ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሜ ተመልሼ ገባሁና አየኋት። ዓይኗን እንደጨፈነች ነች፤ ከዓይኗ ግን አንድ መስመር ወርዶ ጉንጯ ላይ ያለውን ቅጠል ለሁለት ከፍሎታል። እናቴ ብሩሽ ይዛ ሮጠችና ቅጠሉን ጠገነችው። ቀለም ዓይኗ ገብቶ ነው አልኩ በልቤ፤ እናቴን ተቀየምኳት።

የዚያን ዕለት ቤት ስንደርስ አክስቴ ሳፋው ውስጥ ሳትቆም አስታወከች። ልማዷ ሆኖ ነበር። ሱቅ ቆማ በመጣች ቁጥር ሆዷ ይገለበጣል። የትውከቱና የቅባቱ ሽታ ሲደባለቅ እኔ ፎጣ ውስጥ አፍንጫዬን ቀብሬ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ድምፃቸው ይሰማኛል።

«እትዬ፣ ዛሬም» አለች አክስቴ።

«ዛሬም?»

«ይህን ቆዳዬን እንደ ካልሲ አውልቄ ብጥለው ደስታዬ ነበር።»

«እንተወው በቃ! ሥራ አይጠፋም።»

«ይጠፋል እንጂ! ስንት በር አንኳኩተን ነው እዚህ የደረስነው? ደግሞ እኔ ብቀር ነገ ሌላዋን ያቆማል። ሜትሯ ምን እንዳለችሽ ረሳሽው?»

እናቴ ውሃ ጨመረችባት።

«ለሚስቱ ብንነግራትስ?» አለች እናቴ።

«ምን ብለን? ገላዋን ተቀብታ ስትገተር የምትውል ሴት ማን ያምናል? እጥፋት ሳስተካክል ነው ይላታል። ማን አየው? እኔ እንደሆንኩ ግድግዳ ነኝ።»

«ምስክር ነው ያጣነው» አለች እናቴ።

እኔ በሰባት ዓመት ጭንቅላቴ ሁሉንም ነገር በሚገባ ተረዳሁት። ቀለሙ የአክስቴን ቆዳ እየበላት ነው። እናቴም ታውቃለች፣ ግን ርካሽ ቀለም እየቀባኋት ነው ብላ ለጓንቱ መናገር ፈርታለች። ያ ደግ ሰው ቢሰማ እኮ አዝኖላት ደህና ቀለም በገዛላት ነበር! ሞኝነቴን አልወቅሰውም፤ ሰው የሚያስበው በሚታየው ነው፣ ለእኔ የሚታየኝ ደግሞ ነጭ ጓንትና የቆሸሸ ጥፍር ነበር።

ከዚያ ትልቁ ቀን መጣ። ክሬም መደብ ላይ ሰማያዊ ወፎችና አረንጓዴ ቅጠሎች ያሉት አዲስ ጨርቅ ሊመረቅ ነው፤ እንግዶች ተጠርተዋል፣ የጓንቱ ሚስትም ትገኛለች ተብሏል። ሱቁ ከጠዋት ጀምሮ ሲወለወል ዋለ። ሜትሯና ሌሎቹ ሻጮች ወለሉን ሲጠርጉ እናቴ አክስቴን አቁማ መሳል ጀመረች።

የአክስቴን ጀርባ እናቴ ብዙ ጊዜ በአንድ ስፖንጅ አልፋው ነው የምትሄደው። ወደ ጨርቁ የዞረ ስለሆነ ማንም አያየውም። የዚያን ዕለት ግን ከኋላዋ ተንበረከከችና ከወገቧ ከፍ ብሎ በጣቷ አበባ መሳል ጀመረች። ቀይ አበባ ነው፤ ወፍራም፣ የተደራረበ፣ እንደ ትኩስ ሥጋ የሚያብረቀርቅ። ቅባቱን እየዛቀች ስትመርገው ሳይ አፍንጫዬን ያዝኩ።

«እማዬ፣ ጨርቁ ላይ ቀይ የለም» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ እሜቴ።»

«ታዲያ ለምን ትስይበታለሽ?»

«ለእንግዳ የሚታይ አይደለም። ደህና ሰው እዚህ ቦታ አይደርስም።»

አክስቴ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ አልጣመኝም። እናቴ ተነስታ የዱቄቱን ብሩሽ አነሳችና ፊቷን፣ አንገቷን፣ ክንዷን፣ ጎኗን አለበሰቻት። አበባው ጋ ስትደርስ ብሩሹ ዘሎት አለፈ። ረሳችው! ልነግራት አፌን ስከፍት ጓንቱ ገባ።

«ሁላችሁም ውጡልኝ፣ እጥፋቱን ላስተካክል።»

እናቴ የብሩሽ ሳጥኗን አንስታ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ሳጥኑን መሬት አስቀምጣ መልሳ አነሳችው። ሳጥኑ የከበዳት መስሎኝ ነበር። እንዲያ አልነበረም፤ አውቃ እህቷን እዚያ ትታ መውጣቷ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ አክስቴ ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ፤ «እናትሽ እንቢ ብላ ነበር። እኔ ነኝ አንዴ ልቻለው ያልኳት። እስከዛሬ በከንቱ ችዬው የለ?» አለችኝ።

ጓንቱ ሲወጣ ቸኩሎ ነበር። የእንግዶቹ ድምፅ ከውጭ ይሰማል፣ ሚስቱም ደርሳለች ተብሏል። ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል ኪሱ ገባና «እንቺ፣ የኛ ቆንጆ» ብሎ ከረሜላዬን ሰጥቶኝ አለፈ።

ወረቀቱን ገልጬ ከረሜላውን አፌ ውስጥ ጣልኩ። ከናናው በፊት የሰነበተ ዘይት ቀመስኩ። ወረቀቱን አየሁት፤ ነጩ ወረቀት ቀይ ሆኗል። ጣቴም ቀይ ነው። ንዴት አፈነኝ። ያ የእናቴ ግም ቅባት ቤቱን ሞልቶ፣ ሳፋውን ሞልቶ፣ አሁን ደግሞ በዓለም ላይ ያለችኝ አንድ ንጹሕ ነገር ላይ ደረሰ! እያለቀስኩ ሄጄ ቆምኩባት።

«ቀለምሽ ከረሜላዬን አበላሸው! እይው! ሁሉንም ነገር ታቆሽሺያለሽ!»

እናቴ ወረቀቱን ነጠቀችኝ። «ማን ሰጠሽ?»

«ጋሼ ናቸዋ! አሁን!»

የሚቀጥለውን አልረሳውም። አገጬን ያዘችና ያን ጣቷን፣ ያን ጥፍሩ የጨቀየ ጣቷን አፌ ውስጥ አስገብታ ከረሜላውን ከምላሴ ሥር መንጥቃ አወጣችው። መሬት ላይ ጣለችና በጫማዋ ደቆሰችው። የጣቷ ጣዕም ምላሴ ላይ ቀረ፤ መራራ፣ ቅባት ቅባት የሚል። እዚያው አቅለሸለሸኝ። እሷ ግን እኔን አታይም። ወረቀቱን ለሜትሯ አሳየቻት። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«በሩን ክፈቺው» አለች እናቴ።

እንግዶቹ ገቡ። የጓንቱ ሚስት ዘንካታ ሴት ነበረች፤ ክሬም ሐር ቀሚስ ለብሳለች፣ ከጨርቁ ጋር እንዲስማማ ታስቦበት ነው። ጓንቱ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት፣ ትከሻዋን አቅፎ ወደ ጨርቁ መራት። «የታለች? የታለች?» ይላል ሰዉ። ሳቁ ገና ሳይጀመር አንዲት ሴትዮ «ውይ፣ ትከሻሽ!» አለቻት።

ሐሩ ላይ ቀይ ጣቶች አርፈዋል። አውራ ጣቱ እንኳ ሳይቀር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሚስቱ።

ጓንቱ መዳፉን ገልብጦ አየው። ያ ነጭ ጓንት የበግ አንጀት የፈተሸ ይመስላል። መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ ጮኸ።

«ቀለም ነው! ቀለሙ አልደረቀም! ይቺ ጥንብ ሠራተኛ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉሻል ይሄ ነው!»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ዱቄቱን ረስታለች፣ አይቻታለሁ፣ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ! እናቴ ግን አንገቷን አልደፋችም።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ አልደረቀም» አለች ቀስ ብላ። «የት ነክተውት ነው ግን?»

«ጨርቁን... እጥፋቱን ሳስተካክል ነዋ!»

ሚስቱ ወደ ጨርቁ ተጠጋች። ከላይ እስከ ታች ቃኘችው።

«ጨርቁ ላይ ቀይ የለም» አለች።

እኔ ያልኩትን ቃል ነው ያለችው። ያኔ አክስቴ ዓይኗን ገለጠች። የጮኸ የለም፣ የሳቀ የለም። ቀስ ብላ፣ ሕጉን ሁሉ ጥሳ፣ ተንቀሳቀሰች፤ ጀርባዋን ለሰዉ ሰጠች። አበባው አበባ አልነበረም። በጣቶች ታሽቶ፣ ተጎትቶ፣ ከወገቧ ወደ ልብሷ ጠርዝ ወርዷል። የጣቶቹ መንገድ በቀይ ተጽፎ ነበር፤ ከየት እንደተነሱ፣ ወዴት እንደሄዱ ለማንም ይታያል።

ለእኔ የታየኝ ግን የተበላሸ ሥዕል ብቻ ነው።

መጀመሪያ አፏን የከፈተችው ሜትሯ ናት። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» አለችና ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም፤ ለዓመታት አፍና የያዘችውን የምታወጣ ይመስል ነበር። መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረወረችውና በሩን ከፍታ ሄደች። ከእንግዶቹም አንዳንዶቹ ተከትለዋት ወጡ። የቀሩት ወለሉን ያዩ ነበር፤ የተወለወለውን ወለል።

ሚስቱ ትከሻዋን ይዛ ወደ እናቴ መጣች። ታመሰግናታለች ብሎ የሚጠብቅ ይኖር ይሆናል።

«ቀሚሴን አበላሽተሽዋል» አለቻት። «ዕቃሽን ይዘሽ ከዚህ ውጪ።»

በሕይወቴ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያች ሴት ሐር የሚያንገሸግሸኝ ግን የለም። ሁሉንም አይታ ያዘነችው ለትከሻዋ ነው። ሰውዬውም ምንም አልሆነ፤ መጋረጃውን እየሸጠ ኖረ። ብቻ ጓንት ማጥለቅ ተወ። ሰውም ሊጨብጠው ሲል መዳፉን አየት ያደርግ ነበር ይላሉ፤ ያም ትንሽ ነገር አይደለም። ከአክስቴ በኋላ ሌላ ሴት እዚያ ጨርቅ ፊት አልቆመችም።

አክስቴ ድንች እየላጠች በነገረችኝ ማግስት ሱቄ ውስጥ ሸሚዝ ስተኩስ ከረሜላው ትዝ አለኝ። ያ ቅባት ከየት ተነስቶ በየት በኩል ምላሴ ላይ እንደደረሰ ያን ጊዜ ገባኝ። ካውያውን አስቀምጬ ጓሮ ወጣሁና አስታወክሁ። የናና ሽታ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል።

የጨርቁ ምረቃ ዕለት ምሽት ግን እኔ ገና እሜቴ ነበርኩ። ቤት ገብተን እናቴ አክስቴን ሳፋው ውስጥ አቁማ አጠበቻት። ጀርባዋን ብዙ ጊዜ አሸችው፤ ቀዩ በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም። ውሃው ሐምራዊ አተላ ሆነ። አፍንጫዬን ይዤ የአክስቴን ትውከት ጠበቅሁ።

አላስታወከችም። ፎጣ ተጠቅልላ ወጣችና «እትዬ፣ ራበኝ» አለች። እናቴ ዳቦውን አውጥታ ቆረሰችላት። በላች። ደግሞ ጨምሪልኝ አለች፣ ደግሞ በላች፤ አፏ ሞልቶ ትስቃለች፣ እናቴም ትስቃለች፣ ሥራ ያጡ ሰዎች አይመስሉም። በመጨረሻ የቀለሙን ሽታ ለመደችው ማለት ነው አልኩ በልቤ።

እናቴ ለእኔም ቆርሳ ዘረጋችልኝ። ጥፍሯ ሥር ያለው ቀይ ገና አልወጣም ነበር።

«እጅሽ ይቀፈኛል» አልኳት።

አልተቆጣችም። ቁራሹን ሳህን ላይ አስቀመጠችውና ጣቷ ያረፈበት ወገን ወደ እሷ እንዲሆን ሳህኑን አዙራ አቀረበችልኝ።

«ይኸው፣ እሜቴ። በዚህ በኩል አልነካሁትም።»

እኔም ያልነካችውን በኩል በላሁ፤ የነካችውን ሳህኑ ላይ ተውኩት።